እታለም ያደገደገችበት ጠዋት

ዛሬ ጠዋት ቂርቆስ የተከራየናት ቤት አጥር ላይ የሚፈርስ ቤት ምልክት፣ ቀይ ቀለም፣ ተቀባ። ሽታው በበሩ ስር ገባ፤ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሽታ። እናቴና እኔ ሐዘን ላይ ነን፤ ፍራሹ ገና ከመሬት አልተነሳም። ሽታው ግን ወደ ካዛንቺስ ወሰደኝ፤ ወደ እታለም።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ነበረች። አፌ ገና አልለመደውም። በዚህ ክረምት ታማ አረፈች።

ካዛንቺስ ሳለን አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ግቢያችን የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ስር የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች። ሰፈሩ እንደሚፈርስ ከተነገረን ቆይቷል። እናቴ ግን ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና ከአልጋ አልወረደችም፤ ሐኪሙ «ከተንቀሳቀሰች ስፌቱ ይለቃል» ብሎናል። አንድ ጠዋት ዶዘር መጣ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። ደጅ ሰው ይጮሃል፣ ይሳደባል። እናቴ «ምንድነው ልጄ?» ትለኛለች፤ እኔ የአልጋውን ብረት ጨብጬ ያዝኩ።

እታለም አማተበች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አደገደገች፤ ድሮ ሰው ሹም ፊት ሲቀርብ እንደሚያደርገው። ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። በሩ ላይ ያገኘችው ሰውዬ ፊት ጎንበስ ብላ «ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ» አለችው። ሰውየው ደንግጦ የቀይ ቀለም ጣሳውን አስቀመጠና እሱም ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ኃላፊው ያውልሽ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤታችን ሮቤል ወደ ኃላፊው በአገጩ እያመለከተ «ደግሞ ለዚህ ነው እንዴ እርስዎ? ትናንት የሰፈር ኳስ ቡድናችን በረኛ አልነበር? በቃ ተዪው» አላት።

«በቅዳሴ ለሹማምንት እየጸለይን፣ ደጃችን ሲመጡ እንስደባቸው?» አለችው።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ በእሷ ዕድሜ ቢሆን ነው። ቀሚሷን እንደያዝኩ ሄደን ፊቱ ቆምን። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ይሰማል።

«ጌታዬ፣ ቤቱን አትንኩ አልልዎትም። እናቴ ስፌቷ አልደረቀም። ዛሬ ካነሳናት ትሞትብናለች። ሳልነግርዎ ብቀር ኃጢአቱ የእኔ ነበር። አሁን ነገርኩዎ።»

ኃላፊው እሷን አላየም፤ በራችንን አየ። የዶዘሩ ሞተር ብቻ ይጮሃል። ይመታታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ከዚያኛው ጫፍ ጀምር» ሲል ሰማሁ፤ ለሾፌሩ ነው። ቀጥሎ ዝግ ባለ ድምፅ «ማዘርን እግዜር ይማርልሽ። ሲሻላት ንገሪኝ» አላት።

ቤቱ በኋላ ፈረሰ። እናቴ ግን በእግሯ ነው የወጣችው።

ዛሬም ቀለሙን የቀቡት ሰዎች ከአጥሩ አልራቁም ነበር። እናቴ ከፍራሹ ላይ ሆና «አርባዋ እስኪወጣ ቢታገሱን ምን ነበረበት» አለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለግድግዳው። እንደ ልጅነቴ የአልጋ ብረት የምይዝ መሰለኝ፤ እጄ ግን ባዶ ነው።

የእታለም ነጠላ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። አወረድኩት። ማደግደግ አላውቅበትም፤ ወገቤ ላይ ተጠመጠመብኝ። እናቴ ተነስታ አስተካከለችልኝ።

በሩን ከፈትኩ።

«ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ይሰማል።