ብሉቱዝ የማይቀበለው ስልክ

ወንድምአገኘሁ መቀመጥ አይሆንለትም። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ምሳውን እንኳ የሚበላው ቆሞ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጧል፤ ግን የተቃጠለ ሞተርም ሆነ የሞተ ስልክ እጁ ከገባ ፈትቶ ሳያየው አያድርም። ስለዚህ በፈረቃው ውስጥ ስልክ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይጠይቃል። ወንዴ ያለው ይገዛል፤ ወንዴ የናቀው ይቀራል።

በ2004 ዓ.ም. ወንዴ ያለው የዊንዶውስ ስልክ ነበር።

ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ አይቶት ልቡ ሄደ። ስክሪኑ ባለ ብዙ ቀለም ካሬ ካሬ፣ ጣት ሲነካው እንደ ውሃ የሚፈስ። ገዛው። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ የግንቡ ጥላ ስር፣ ክርክር ነው።

"በሁለት ዓመት ውስጥ ገበያው የዚህ ነው!" ይላል ወንዴ። "የዓለምን ኮምፒውተር የያዘ ኩባንያ ስልክ ያቅተዋል? አንድሮይዱ እኮ አንዴ ከነካኸው ቁጭ ብሎ ያስባል። ይሄ አይቆምም።"

"ወላሂ ወንዴ፣ ለስልኩ ሚዜ ሆነህለታል፤" ይለዋል የመጋዘኑ ጫኝ ጣሀ። የጣሀ ስልክ ባለ ቁልፍ የቻይና ነው፤ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ፣ ድምፁ መንደር የሚቀሰቅስ። "ለመሆኑ አንድ መንዙማ ብልክልህ ይቀበላል?"

"እኔ ስለ ቴክኖሎጂ ሳወራ አንተ ስለ መንዙማ!"

"እኔ ስለ ገበያ ነው የማወራው። ያ ጀመዓ፣ ብሉቱዝ የማይቀበል ስልክ ማን ይገዛል?"

ይሳቃል። ወንዴ ግን አይሰማም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማለባበስም አያስፈልግም። ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ዘፈኑም፣ መዝሙሩም፣ መንዙማውም፣ የሰርግ ቪዲዮውም የሚሄደው ከስልክ ወደ ስልክ ነበር። ኢንተርኔት ማን ነበረው? ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ "ክፈተው፤ ስምህ ምን ብሎ ይመጣል?" ይባባላል፣ አለቀ። የወንዴ ስልክ ይህን አያውቅም፤ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያም የለውም። ወንዴ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አውቋል። "ያስተካክሉታል" ብሎ አለፈው። እነማን ናቸው የሚያስተካክሉት? መቼ? ለነማን ብለው?

በወንዴ ቃል ተማምና ያንኑ ስልክ የገዛችው እትዬ አባይነሽ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት የሽመና ማሽን ፊት የቆመች፣ ጩኸቱ ግራ ጆሮዋን የደፈነባት፣ ስታወራ የምትጮህ ሴት። አሮጌ ስልኳን ለባለሱቁ በለውጥ ሰጥታ አዲሱን ይዛ ወጣች። "ወንዴ ካለ አለ፤" አለች።

ወር ሳይሞላው፣ የምስራች የምትባል የቢስቲማ ልጅ ከቤሩት ተመለሰች። ወደ አገሯ ስታልፍ ሚኒባሱን ፋብሪካው በር ላይ አስቁማ አባይነሽን አስጠራች። የአባይነሽ ልጅ ሀኒ እዚያው ቤሩት ናት። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስትጠርግ፣ ስልክ ይዛ እናቷን ማነጋገር እንኳ አልተፈቀደላትም። ይህን የሚጠይቅ መንግሥት አለ? የለም። እናም ሀኒ ተደብቃ፣ የምስራች ስልክ ላይ አራት ደቂቃ ድምፅዋን ቀድታ ለእናቷ ልካለች።

"እማዬ..." ብሎ ድምፁ ሲጀምር አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው። አባይነሽ ቀኝ ጆሮዋን ብትለጥፍም ግማሹ አመለጣት።

"ላኪልኝ በሞቴ፤ ቤቴ ገብቼ እሰማዋለሁ።"

የምስራች ላከች። የአባይነሽ ስልክ አልተቀበለም። ደግማ ላከች። ወንዴ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ፤ ላቡ ስክሪኑ ላይ እየተንጠባጠበ አንዱን ከፍቶ ሌላውን ዘጋ። የሚኒባሱ ረዳት "ሂያጅ ነን!" እያለ በሩን ይደበድባል። ወንዴ ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ ገጥሞ ድምፁን ሊቀዳ ሞከረ። የተቀዳው የሚኒባሱ ሞተር ነው።

ጣሀ ሰው ገፍቶ ገባና ባለ ላስቲኩን ስልኩን ዘረጋ። "ለኔ ላኪው እህቴ።" ትንሽ ቆየና "ደረሰ" አለ። አልሳቀም። ወንዴን ያንገበገበው አለመሳቁ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ አባይነሽ ምሳ ሰዓት ላይ ጣሀ አጠገብ ትቀመጣለች። ስልኩን ተቀብላ ቀኝ ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች። የገዛ ልጇን ድምፅ ከሰው ለምና! ስልኩ ከመጮሁ የተነሳ ሀኒ "ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ" ስትል የግንቡ ጥላ ስር ያለው ሁሉ ይሰማል። ወንዴ ምሳውን ጥሎ ይሄዳል።

ሦስት ጊዜ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ሄደ። ያልረገጠው ስልክ ቤት የለም። ድምፁን በኮምፒውተር በኩል ወደ አባይነሽ ስልክ ማስገባት ይቻላል ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ግን ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ወንዴ ቆሞ ቁጥሩን ያያል፤ ሠላሳ ሰባት ከመቶ ላይ ተቋረጠ። ሲደገም አሥራ ሁለት ላይ። በሦስተኛው ቀን መብራቱም ሄደ። ቁልቁል ሲመለስ ከራሱ ጋር ይሟገታል፦ ስልኩ ምን አጠፋ? ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው። ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው። ጥፋቱ የባለሱቁ ነው።

በነጋታው ምሳ ላይ፣ ከክር ክፍል ነፃነት ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች።

"ወንዴ፣ ደመወዝ ወጥቷል። ቅዳሜ ደሴ ወጥተን ያንን ስልክ ልንገዛ ነው። ይሻላል አይደል?"

አባይነሽ ወዲያ ማዶ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ወንዴ አያት። ሲሙን ከስልኩ አወጣና ወደ ጣሀ ሄደ።

"የኔን ውሰድ። ያንተ ለሷ ይሁን።"

"አንተ፣ አብደሃል? ይሄ ላስቲክ ነው የያዘው!"

"ውሰድ አልኩህ!"

ጣሀ አዲሱን ስልክ ተቀብሎ በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው። "ስማ ግን፣" አለ፣ "እውነትም አይቆምም።"

ወንዴ ዞር አለ። ማሽን ክፍል ውስጥ እንደለመደው ጮኸ፦ "ነፃነት፣ አትግዙ! ለእትዬ አባይነሽም ያስገዛሁት ተሳስቼ ነው። ብሉቱዝ እንደማይቀበል እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት!"

ከግንቡ ስር ያለው ሁሉ ወደሱ ዞረ። አባይነሽ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

"ምንድነው የሚለው?"

ጣሀ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አለ። "ተሳስቻለሁ ነው የሚለው!"

"እሱንስ አውቄያለሁ፤" አለች። "አሁን ዝም በሉ፤ ልጄ እያወራች ነው።"