ቀድማ ሰላም የማትል ሴት

ወንድሜ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ያልደረሰን የቡሬ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የአውቶብስ ረዳት ነበር። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሲመላለስ የማይቀልድበት ተማሪ፣ ዕቃውን የማያነሣለት ገበሬ አልነበረም። አንዲት ሴት ግን አልመጣችም። እናቴ የመጣውን ሁሉ ትታ እሷን አሰበች።

"ያቺ የጤና ጣቢያዋ ልጅ ቀረች" አለችኝ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ። "ልጄን እንዲያ ስታጫውት ከርማ!"

ሴትዮዋ የምክር አገልግሎት ሠራተኛ ናት። ወንድሜ ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ ካወቀ ወዲህ በየሳምንቱ እሷ ዘንድ ይገባ ነበር። ከእናቴና ከእኔ ሌላ በሰፈሩ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ አደርሰውና በረንዳው ላይ እጠብቀዋለሁ። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ ድምፁን መኪናው ላይ ጨርሶት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሲያወራ ይሰማኛል። ቃሉ አይለይም። አንዳንዴ ይስቃል። ምን እንደሚያስቀው ለማወቅ... እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ ያን ያህል የጓጓሁበት ነገር የለም።

ሌላም የሚገርመኝ ነበር። ይህች ሴት ገበያ ላይ ስታገኘን ሰላም አትለንም። ዐይኗ ያርፍብናል፤ ወዲያው ወደ ሽንኩርቱ ታጎነብሳለች። በእኛ አገር የሚያውቁትን ሰው ዘግቶ ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ "ናቀችን" ትላለች። ወንድሜ ይስቃል።

"ታዝዛ ነው እንጂ። እሷም እንደ እኛ ተቆጣጣሪ አለባት።"

ለእሱ ተቆጣጣሪ ማለት መንገድ ላይ ቆሞ መኪናው ትርፍ ሰው መጫኑን የሚያይ ነው። ተቆጣጣሪ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ "ጎንበስ በሉ!" ይላል፤ ትርፎቹ በወንበሮቹ መሐል ቁጢጥ ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ትልቅ ሴት ከፍኖተ ሰላም መጡ። አማካሪዋ በሩ ላይ ወንድሜን ጠየቀችው።

"ሥራዬን የሚቆጣጠሩልኝ ናቸው። አብረውን እንዲቀመጡ ካልፈለግህ አይገቡም።"

"ይግቡ" አለ። "ግን ትርፉ ማነው? እኔ ልጎንበስ ወይስ እሳቸው?"

ሦስቱም እየሳቁ በሩ ተዘጋ።

እናቴ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ያን ስትናገር ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ወንድሜ ለእሷ ሰው ነበር ወይስ ሥራ?

ትልቋም ሴት እዚያው ነበሩ። አማካሪዋ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሣች። አሁንም ሰላም አላለችኝም። ቆማ ጠበቀች። ግራ ገባኝና "እንደምን ዋላችሁ" አልሁ።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ወንድሜ" አለች ወዲያው። አፏ ላይ የቆየ ቃል ይመስል ነበር። እንባዋም ተከተለ።

"እትዬ፣ ታዲያ ለምን ቀረሽብን?"

ትልቋ ሴት መለሱልኝ። "እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ልሂድ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የየትኛው ክፍል ሠራተኛ እንደሆነች ቡሬ ያውቃል፣ ልጄ። ድንኳናችሁ ገብታ ብታለቅስ ለቀስተኛው ምን ይል ነበር?"

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ በዐይን ሲጠቃቀሱ ታየኝ።

"ገበያ ላይስ?"

"ያም ያው ነው። ቀድማችሁ ሰላም ካላችኋት ትመልሳለች። ዝም ካላችኋት ታልፋለች። ምርጫው የእናንተ ነው።"

"እኔ ግን አልወደውም" አለች አማካሪዋ ዐይኗን እየጠረገች። "ሁልጊዜ እንከራከራለን። እኔም ያደግሁት እዚሁ ነው፤ ሰው ዘግቶ ማለፍ ያመኛል።"

"ትከራከረኛለች" አሉ ትልቋ ሴት። "ሰላምታውስ ይሁን። ለቅሶ ሲሆን ግን... ልክ መሆኔን እኔም እንጃ።"

እንዲህ ያለ መልስ ከተቆጣጣሪ አልጠበቅሁም። ደፈር አልሁና "ምን ነበር እንዲያ የሚያስቀው?" አልሁ።

ተያዩ። "ያን መንገር የሚችል እሱ ብቻ ነበር" አለች አማካሪዋ።

መጀመሪያ ተናደድሁ። ቆይቶ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀለለኝ። ያወራው ሁሉ እዚያው እንዳለ አለ ማለት ነው። ልወጣ ስል ትልቋን ሴት "እርስዎስ ተቆጣጣሪ አለብዎት?" አልኋቸው።

"የልቤን የማዋየው ሰው አለኝ እንጂ። ለእኔም ትርፍ ይበዛብኛል" አሉና ፈገግ አሉ።

ማታ ለእናቴ የሰማሁትን ነገርኋት።

በገበያ ቀን ከእናቴ ጋር ወጣን። አማካሪዋ ሽንኩርት ትመርጣለች። አየችን፤ አጎነበሰች። እናቴ ዘንቢሉን ለእኔ ሰጥታ ሄደችና አጠገቧ ቆመች።

"እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ!" አለች፣ ሰው በሚሰማው ድምፅ። ተሳሳሙ። ቶሎ አልተላቀቁም።

ሽንኩርት ሻጯ አንዴ ይህችን አንዴ ያችን አየች። "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?"

አማካሪዋ እናቴን አየች።

"አዎ" አለች እናቴ። "የልጄ ወዳጅ ናት።"