እጅ ማስታጠብን የቀረጸው ጃፓናዊ

የባልና ሚስቱ ጠብ በበሬ ነበር ብዬ ነው የማስታውሰው፤ ልሳሳት እችላለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዓመት፣ ከእርዳታ ሠራተኞች ጋር ወሎ፣ መርሳ ለመጣ ጃፓናዊ አስተርጓሚ ነበርሁ። ሰውየው በትርፍ ጊዜው የቤተሰብን የዕለት ኑሮ ከእንጨት ይቀርጽ ነበር። የተከራየበት ቤት ባለቤት አያ ሞላ ሳያማክራት በሬያቸውን በመሸጡ፣ ሚስቱ እትዬ ዘነቡ አኩርፋ ግራና ከሚባለው አገር አባቷ ቤት ገብታለች። ሽማግሌ ቢላክባትም እምቢ ብላለች።

ጃፓናዊው ግን "ባሏን እጅ ስታስታጥብ ልቅረጻት" ብሎ እኔን ላከኝ። እንግዳ ማሳፈር ከበዳትና መጣች።

እሱ እንጨቱን በጆንያ ከልሎ በመሮ ይፈለፍላል። እሷ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ እጁን ከዘረጋው ባሏ ፊቷን አዙራ ትቆማለች።

"ለእንግዳው ብዬ እንጂ ለአንተስ ጠብታ አላፈስም!"

"እጄ እኮ ደነዘዘ፣ ዘነብዬ።"

"በሬውን ሲሸጥ መች ደነዘዘ?"

በሦስተኛው ቀን ውሃውን በሙሉ ፊቱ ላይ ደፋችበት። ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ግራና የሄደችው ለጥየቃ ብቻ ነው።

ጃፓናዊው ቅርጹን ለእነሱ ትቶላቸው ሄደ። አንድ ቀን ገልብጬ ከሥሩ የተጻፈውን ቀን በእኛ አቆጣጠር አሰላሁና ከማስታወሻዬ ጋር አመሳከርሁት። ቅርጹ ያለቀው እትዬ ዘነቡ ከመምጣቷ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነበር።