ግሌንዴል የደረስነው ለቅሶ

እርጥብ የሱፍ ካፖርት በሸተተኝ ቁጥር የጀርመናዊቷ እማማ ቤት ድቅን ይልብኛል። ዛሬ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ በረዶው ካፖርቴን አርሶት መኪናው ውስጥ ያ ሽታ መጣ። ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ።

ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ እዚህ በስደት አገራችን፣ ግሌንዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ጀርመናዊት አሮጊት ትንከባከብ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት እሄዳለሁ። አንድ በረዶ የጣለበት የሚያዝያ ቅዳሜ ስንደርስ እማማ ስልኩን እንደያዙ ሶፋው ላይ ደርቀው ተቀምጠዋል። የወንድማቸውን ሞት ከጀርመን ደውለው ነግረዋቸው ነው።

የእናቴ ንዴት ከዕንባዋ ቀደመ። "መርዶ በስልክ! ያውም ለብቻቸው! ሰው የለም እንዴ?" አለችኝ። እማማ ልባቸው ደካማ ነው፤ ደግሞ ጠብ የሚል ዕንባ የላቸውም። ሐዘኑ ካልወጣላቸው ይገድላቸዋል ብላ ፈርታ ለዕድሯ ሴቶች ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ በዚያ በረዶ ከጎረቤቷ ከተማ ከአውሮራ መጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ካፖርቱ አልጋው ላይ ተቆለለ፤ ቤቱ እርጥብ ሱፍና ምስር ወጥ ሸተተ። እማማ በየተራ ሲሳሙ ግራ ገባቸው።

"ወንድምዎ ታመው ነበር?" አሉ ትልቋ ሴት። እኔ አስተረጎምኩ።

እማማ ጉልበታቸውን እያዩ መለሱ። ከሞተ ስልሳ ዓመት ሆኖታል። በዓለም ጦርነቱ ጀርመን ልትሸነፍ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ለውትድርና የታፈሱ እንደ እሱ ያሉ ልጆች በገፍ አለቁ፤ እሱም ጠፍቶ ቀረ። አጽሙ ገና አሁን እርሻ ሲቆፈር ተገኘ። አስራ ሰባት ዓመቱ ነበር። "ያን ሁሉ ግፍ የሠራን እኛ ነን፤ ለእኛ ወታደር ማን ያለቅሳል?" አሉ።

ትልቋ ሴት እስከዚያ የሚያለቅሱት ለወግ ያህል ነበር፤ ይህን ስነግራቸው ደረታቸውን መቱ። "አስራ ሰባት? ልጅ እኮ ነው! ግፉን እግዜር ይፍረደው። እህት ለወንድሟ አታልቅስ ያለ ማን ነው?"

እማማ ትርጉሙን ሲሰሙ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ፣ ምን ልበልሽ፣ ጮኸው አለቀሱ። እናቴ አቅፋ ይዛቸው "ይውጣልዎት፣ ይውጣልዎት" ትላለች፤ በአማርኛ መሆኑንም ልብ አላለችው። አመሻሽ ላይ እማማ ምስሩን ቀመሱ። ወንድማቸው የጎረቤት ዝይ እየፈራ አጥር ላይ ይወጣ እንደነበር ሲያወሩ ራሳቸው ሳቁ፤ ሴቶቹም ሳቁ። እኔ ደስ አለኝ፤ በለቅሶ ቤት ደስ ይላል ወይ አትበይኝ።

ልንወጣ ስንነሳ "ነገም ትመጣላችሁ?" አሉ እማማ።

"ሰልስት ሳይወጣ የት እንሄዳለን!" አለች እናቴ፤ እኔም ነገርኳቸው።

በማግስቱ በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘነው። ከየጎረቤቱ የተለቃቀመ ወንበር ግድግዳውን ይዞ ተደርድሯል። እማማ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"ግቡ፣ ግቡ" አሉን። "ስለ እሱ ገና ምኑን ነገርኳችሁ!"