የቅዳሜዋ መኪና

ጋሽ ሃይላይ በ1999 ዓ.ም. ከእስር ሲፈቱ፣ ካዛንቺስ ወዳለው የቀበሌ ቤታቸው አንድ ሳጥን ለስላሳና ሁለት ድፎ ዳቦ ገዝተው ገቡ። የታሰረ ሲፈታ ጎረቤት “እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት” ሊል መምጣቱ አይቀርማ! ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ጥፋት ተብሎ የተቆጠረባቸው፣ ልጆቻቸው ለታሰሩባቸው እናቶች አቤቱታ እየጻፉ ከየቢሮው ደጅ መቆማቸው ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ጎረቤት ነው።

ቀድማ የመጣችው ግን ሄለና ናት። የአንድ አውሮፓዊ አገር ኤምባሲ ዲፕሎማት ነች፤ ክሳቸው በታየ ቁጥር ከሌሎች ኤምባሲዎች ሰዎች ጋር እየተፈራረቀች ችሎት ትቀመጥላቸው ነበር። አሁንም በየቅዳሜው ትመጣለች። የኤምባሲ ታርጋ ያላትን ትልቅ መኪና ሆን ብላ በራቸው ላይ ታስቆማለች። “ብቻዎን እንዳልሆኑ እነሱም ይዩ” ትላለች። እነማን እንዲያዩ እንደፈለገች ግልጽ ነው። ያየው ግን ሰፈሩ ነው።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ ስትቆም ሰው ግድግዳ ታክኮ ያልፋል፤ ያውም አንገቱን ደፍቶ። ዳቦው ደረቀ፣ ለስላሳው አቧራ ለበሰ። ስንት ረመዳን ቤቱ ጠርቶ ያስፈጠራቸው ልብስ ሰፊው ሸምሰዲን እንኳ ድርሽ አላለም። እስር ቤት ቢያንስ የሚያወሩት ሰው ነበር። እዚህ ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው። ጋሽ ሃይላይ፣ ይህ ሁሉ የመኪናዋ ጦስ ነው ብለው ደመደሙ።

“ልጄ፣ ከእንግዲህ አትምጪ” አሏት አንድ ቅዳሜ።

ሄለና ደነገጠች። “እንደገና ቢወስዱዎትስ? በምን እናውቃለን?”

“ጎረቤት አለኝ።”

ብዙ ተከራከረቻቸው። በመጨረሻ ውሳኔው የእርስዎ ነው ብላ፣ ቅር እያላት ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ገርበብ እንዳለ ዋለ። አዲስ ዳቦ ተገዝቷል። የሚያንኳኳ ግን አልነበረም። የዚያ ተከታይ ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ጋሽ ሃይላይ ሆድ ባሳቸው፤ ተነሥተው ሸምሰዲን ሱቅ ሄዱ።

“ሸምሱ፣ መኪናዋ እኮ ቀርታለች። አንተን ምን አስቀረህ?”

ሸምሰዲን ከስፌቱ ቀና አለ። “ጋሼ፣ እኔ መቼ መኪናዋን ፈራሁ? እንዲያውም እሷ ስትቆም፣ ማለቴ፣ ዛሬስ አይነኳቸውም ብዬ ልቤ ያርፍ ነበር። የምፈራው ከእርስዎ ጋር መታየቱን ነው። ልጆች አሉኝ፣ በቃ።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ለምን አስቀሯት? አሁን ማን አለዎት?”

ጋሽ ሃይላይ “ደህና ዋል” ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሸምሰዲን መጀመሪያ ወደ ውጭ ተመለከተ፤ መንገዱ ላይ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ጨበጣቸው።