ለሁለት ሕመም አንድ ስም

አማቴ ደግ የሆኑልኝ ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ያንንም ያገኘሁት በአንድ ቃል ነው።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት እንኖር ነበር። ባሌ የአሰብ መስመር ሾፌር ስለነበር በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው። ከተጋባን ዓመት ሳይሞላ፣ ሴት ለእናቷ እንኳ በማታሳየው ቦታ ጥቃቅን ጉጦች ወጡብኝ። አማቴ አቀማመጤን አይተው ሲጠይቁኝ "ኪንታሮት ነው" አልኳቸው። አልዋሸሁም። በአማርኛችን ገላ ላይ የሚወጣው ጉጥም፣ የመቀመጫ ሕመሙም ስማቸው አንድ ነው። እሳቸው የመቀመጫውን ያዙ። ትራስ አነጠፉልኝ፤ ወጡ ላይ በርበሬ ቀነሱልኝ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር መድኃኒት ቀባኝና ባልሽንም ይዘሽው ነይ አለኝ። ሞኝ ነኝ፤ ባሌ የመጣ ቀን ምሳ ላይ የተባልኩትን እንዳለ ተናገርኩት።

"የመቀመጫ ኪንታሮት ባል ያስጠራል እንዴ?" አሉ አማቴ።

ባሌ አቀርቅሮ መብላቱን ቀጠለ። እሱ ላይ ምንም አልወጣም፤ አማቴም ይህንኑ ያዙ። ልጄ ንጹሕ ነው፣ ታዲያ ይቺ ከየት አመጣችው? ድንግል ሆኜ መግባቴን አይተው እልል ያሉት እኮ ራሳቸው ናቸው። በማግስቱ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ተለየ። የውሃ መጠጫዬ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታሰረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ የክሩን ትርጉም አወቀ። ባሌ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይበቃኝ ነበር። ጓዜን ይዤ ወንጂ እናቴ ቤት ገባሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለማህፀን በር ምርመራ ስሄድ አንዲት ነርስ አስረዳችኝ። በግንኙነት ጊዜ ከገላ ወደ ገላ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ጉጥ ያወጣል፣ ሌላው ቆይቶ የማህፀን በር ካንሰር ያመጣል። ሰው ምንም ሳይታይበት ያስተላልፋል፤ ዓመታትም ተደብቆ ይኖራል። ባልሽ ከጋብቻ በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል አለችኝ፣ ለሱ አዝና። እኔ አላዘንኩለትም። በውሃ መጠጫ ይተላለፋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች።

አማቴ ገና በሕይወት ነበሩ። ይቅርታ እንኳ ባይሉኝ "ልጄ ነው ያመጣው" ብለው እንዲያምኑልኝ ሄጄ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ታዲያ እኔ ምን አልኩ?" አሉኝ። "የመቀመጫ ነው ብዬ ትራስ አላነጠፍኩልሽም?"