ከሳሎኑ መሃል የተነሣው ሶኬት

ሰሞኑን እዚህ ካርቱም ዳር፣ ሶባ ውስጥ የመሮና የመዶሻ ድምፅ አያባራም። በጦርነቱ ጊዜ ከየቤቱ ሽቦ ተመዞ ስለተወሰደ፣ የተመለሰ ሰው ሁሉ ግድግዳና ወለል እያስቆፈረ አዲስ ያዘረጋል። የተሰበረ ሴራሚክ ብናኝና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ሲመጣብኝ መስኮቴን እዘጋለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ሽታው ይዞኝ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ ድሮ የሠራሁበት የሐጃ ሳሎን ውስጥ ያስገባኛል።

ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ከወሎ መጥቼ ለአንዲት አስተማሪና ለታማሚ እናቷ ቤት እሠራ ነበር። እናትየዋን እንደ ሰፈሩ ሰው ሐጃ፣ ልጅየዋን ኡስታዛ እላቸዋለሁ። የሐጃ ሳምባ ደክሞ ስለነበር ያለ ኦክስጅን ማሽን አይውሉም። ማሽኑ የሚሰካው ሳሎኑ መሃል፣ ወለሉ ላይ የተተከለ ባለ ነሐስ ክዳን ሶኬት ላይ ነው። በማከፋፈያ እንዳንጠቀም ተከልክለናል፤ አንዱ ቀልጦ ቤቱን ሊያነድብን ነበር። ስለዚህ አልጋው የማሽኑ ገመድ በሚደርስበት ቦታ ቀረ። ሐጃም ለቂብላ፣ ለሶላት ለሚዞሩበት ለመካ አቅጣጫ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የወጥ ቤቱን በር ሲያዩ ይውላሉ።

እኔ ያን ሶኬት እፈራው ነበር። እዚህ አገር በሙቀት ጊዜ ወለል በውሃ ይታጠባል። አንድ ቀን ክዳኑ ክፍት መሆኑን ሳላይ ውሃ ለቀቅሁበትና እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ከዚያ ወዲህ በአጠገቡ ሳልፍ እግሬን እሰበስባለሁ። ይህን ፍርሃቴን ልብ በሉልኝ፤ መዘዙ ኋላ ይመጣል።

ሐጃ በየቀኑ ልጃቸውን ይለምናሉ። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ አልጋዬን ወደ ቂብላ አዙሪልኝ።» ኡስታዛ «ኢንሻአላህ፣ ሲሻልሽ» ትላለች። ወጥ ቤት ስትገባ ግን ለእኔ የምትለው ሌላ ነው፤ «ወደ ቂብላ የሚዞረው ሊሞት ያለ ሰው ነው፤ አልጋዋን ማዞር ሞቷን መጥራት ነው። አላደርገውም።»

አንድ ጠዋት ኡስታዛ ትምህርት ቤት እንደሄደች ሐጃ እጄን ያዙኝ። «ወላሂ፣ እንዲህ እንደተኛሁ መሞት እፈራለሁ» አሉ። «የመብራት ሠራተኛ ጥሪልኝ። ዛሬውኑ።» ኡስታዛ ብታባርረኝ መግቢያ የለኝም፤ የመኖሪያ ወረቀቴም በእጇ ነው። ግን እኔም እናቴን ጥዬ የመጣሁ ልጅ ነኝ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ሱቅ ዐረቢ ገበያ ቆሞ ሥራ የሚጠብቅ አንድ ያገሬን ሰው በስልክ ጠራሁት። ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰና «ጥቂት ሴራሚክ አንሥቼ ሽቦውን በቱቦ ወደ ማዶ ልሳበው። የአንድ ሰዓት ሹግል ነው» አለኝ። «መብራቱን የማጠፋው ሽቦ ሳገናኝ ብቻ ነው።»

«የለም፣ ከአሁኑ አጥፋው» አልኩት።

«አያስፈልግም እኮ እህቴ። እሳቸውም ማሽን ላይ ናቸው።»

«አጥፋው አልኩህ! ትሞትብኛለህ!»

ምን ቸገረኝ ብሎ አጠፋው።

መብራት ሲሄድ ብቻ የምንከፍተው ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረን። የሐጃን ቱቦ ከማሽኑ ነቅዬ እሱ ላይ አደረግሁት። ወለሉ ግን እንደታሰበው አልሆነም፤ ከሴራሚኩ ሥር ድፍን ኮንክሪት ወጣ። አንድ ሰዓት የተባለው ሦስት ሆነ። የሲሊንደሩ መለኪያ ቀስት ወደ ቀዩ ሲወርድ አይቼ «መልሰው፣ ማሽኑን እንሰካው» ስለው «አሁንማ አሮጌውን ፈትቼዋለሁ፣ ትንሽ ታገሺ» አለኝ።

ሥራው እንደምንም አለቀ። ማሽኑን አዲሱ ሶኬት ላይ ሰክተን አልጋውን ሁለታችን ገፍተን አዞርነው። ሐጃ ከፊታቸው ያለውን ባዶ ግድግዳ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አመልካች ጣታቸውን አነሡና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ያን የመሰለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እኔ ሲሊንደሩን ዘጋሁና መሸፈኛ ጨርቁን አለበስኩት።

ኡስታዛ ስትመጣ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ጩኸቷን ስጠብቅ እናቷ እጃቸውን ዘረጉላት። ተንበርክካ ደረታቸው ላይ አለቀሰች። ሲሊንደሩ ማለቁን የምነግራት ያኔ ነበር። እናትና ልጅ እንደዚያ ሆነው እንዴት ልናገር? ነገ እነግራታለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ማሽኑ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። «ከህረባ ገጠዐት!» አለ ከጎረቤት አንድ ድምፅ፣ መብራት መጥፋቱ ነበር። ሲሊንደሩን ከፈትኩ። ትንሽ ተነፈሰና ተወ። ለኡስታዛ ደወልኩ፣ ማራገቢያ ይዤ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ፣ እጄ እስኪዝል አራገብኩ። ሐጃ ግድግዳውን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። መብራቱም ኡስታዛም ሳይመጡ ከንፈራቸው ቆመ።

ኡስታዛ ቀስቱን አይታ «አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ» አልኩ። ዛሬ ያለቀ ነው የመሰላት።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደራሽ ሴቶቹ መሃል ጠራችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። «እናቴን ወደ ቂብላ ያዞረችልኝ ይህቺ ናት። እኔ ልጇ የፈራሁትን እሷ አደረገችው» አለች፤ የሐጃን ቶብ፣ ያን የሚጠቀለሉበትን ሰፊ ልብስ፣ አውጥታም በትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ሴቶቹ መረቁኝ። ቶቡን አጣጥፌ ይዤ ሻይ ልቀዳላቸው ወጥ ቤት ገባሁ።

ቶቡ አንድ ቀን ሳይለበስ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ኡስታዛን ጦርነቱ የት እንዳደረሳት አላውቅም፤ ባገኛትም እንደምነግራት እርግጠኛ አይደለሁም። ትናንት አጠገባችን ያለውን ቤት የሚሠራው ሰው «መብራት ላጠፋ ነው!» ብሎ ሲጣራ፣ በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ።

«ውስጥ የተኛ ሰው አለ?» አልኩት።

«ማንም የለም እህቴ፣ ባዶ ቤት ነው።»

አላመንኩትም፤ ገብቼ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየሁ።